የሚጢጢ እንገር

ልጅ ሳለሁ ጥዩፍ ነበርኩ። ጥዩፍ ስል ምግብ የምትመርጥ፣ ትንሽ የምትቀብጥ ልጅ ማለቴ አይደለም። ወንድሞቼ ጉንፋን ሲይዛቸው ከአንድ ትሪ አብሬያቸው ላለመብላት ጦሜን የማድር፣ ዝንብ ያረፈበትን ዳቦ ለዶሮ የምወረውር፣ ሰው ሲያስነጥስ ትንፋሼን ይዤ ከክፍል የምወጣ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ የማንን ቤት ልትገባ ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። መጠጫዬ እንኳን ለብቻ ነበር። እጀታው ላይ ቀይ ክር ያሰርኩበት የፕላስቲክ ኩባያ ነበረኝ፤ ሌላ ሰው ከጠጣበት ሦስቴ በሳሙና ሳላጥበው አፌን አላስጠጋውም።

ይህ አመሌ ደግሞ ለሰፈራችን የሚሆን አልነበረም። የምንኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነበር። ያኔ ቡልቡላ ዛሬ እንደምታዩት ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት አልነበረም፤ ገሚሱ የጤፍ ማሳ፣ ገሚሱ የከብት በረት፣ የቀረው ደግሞ እንደኛ ከሌላ አገር መጥተው የጭቃ ቤት የሠሩ ሰዎች መኖሪያ ነበር። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ አንዳንዴ ወር ሙሉ አናየውም። ክረምት ሲገባ ጭቃውና እበቱ ተለይቶ አይታወቅም ነበር፣ እኔም ከቤት ወደ ሱቅ የምሄደው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ነው። ከቦሌ ማረፊያ የተነሳ አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን ያውለበልቡለታል፤ እኔ እዚያ ላይ ዝንብ እንደሌለ እያሰብኩ እቀና ነበር።

ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ የሚያወጣኝ አንድ ነገር ቢኖር የአባባ ጉደታ ተረት ነው። አባባ ጉደታ ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። እዚያው ቡልቡላ ተወልደው፣ አርሰው ያደጉ፣ በኋላ ግን ቦሌ አንድ የፈረንጅ ግቢ ውስጥ በዘበኝነት ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ቆይተዋል። ያኔ ፀሐይ ጠለቅ እንዳለች በረታቸው ደጃፍ ላይ ኩበት ያቀጣጥሉና፣ ፋኖሳቸውን ምሰሶው ላይ ሰቅለው፣ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ «ኑ፣ ኢጆሌ!» ብለው ይጠሩናል። የኩበቱ ጢስ ዓይኔን ይለበልበኛል፣ ከበረቱ የሚመጣው ሽታ ያጥወለውለኛል፣ ይሁን እንጂ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ሳብ አድርጌ ከሁሉም ፊት ለፍሙ ቀርቤ እቀመጣለሁ። ምክንያቱም በአባባ ጉደታ ተረት ውስጥ ምንም ነገር አይሸትም ነበር። ፈረሶቻቸው አያልባቸውም፣ ፋንድያ አይጥሉም፣ ሰባት ቀን ጋልበው ሲደርሱ ጋማቸው እንደተበጠረ ነው። ከሁሉም የምወደው ስለ አንዲት ነጭ ባዝራ የሚያወሩትን ነበር። የንጉሡን ልጅ ከጠላት አገር ወንዝ አሻግራ ስታመጣ፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ እሱ ብቻ በሚጠጣበት የወርቅ ዋንጫ ውሃ አጠጣት። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባባ ጉደታ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «በገዛ ዋንጫው!» ይላሉ፣ እኛም ሁላችን ትንፋሻችንን እንውጣለን።

ሚጢጢ የመጣችው ከዚያው ከፈረንጆቹ ግቢ ነው። ድንክ ባዝራ ነበረች፤ ቁመቷ ከሙክት እምብዛም አይበልጥም፣ ግንባሯ ላይ የወደቀው ጋማ ዓይኗን ይሸፍናታል። ፈረንጆቹ ለልጆቻቸው መጫወቻ ከአገራቸው አስመጥተዋት ኖሮ፣ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለዘበኛቸው ትተውላቸው ሄዱ። አባባ ጉደታ በገመድ እየሳቡ ሰፈር ያስገቧት ቀን ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወጥቶ ሳቀ። ለጋሪ አትሆን፣ ለጭነት አትሆን፣ ለምንም የማትሆን ፍጥረት ነበረች። እሳቸው ግን ፉሩሽካ እየገዙ እንደ ልጅ ያበሏት ጀመር። ሆዷ እያደር ሲነፋ ጊዜ ሁላችንም የፉሩሽካው ሥራ ነው አልን። ከጋሪ ፈረሶች ጋር ሜዳ ላይ ስትግጥ መክረሟን ማንም ልብ አላለም።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽንት ቤት ልሄድ ወጥቼ ሳለ አባባ ጉደታ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ዘሀራ! ነይ እስቲ፣ ሚጢጢ ወለደች!»

እየሮጥኩ ሄድኩ። በልቤ የነበረው ጋማው የተበጠረ፣ ንጹሕ ውርንጭላ ነው።

ያገኘሁት ሌላ ነው። ሚጢጢ በረቱ ጥግ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ከኋላዋ ቀይም ግራጫም ሐምራዊም የሆነ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። የእንግዴ ልጇ አልወርድ ብሎ ኖሮ፣ አባባ ጉደታ በክብደቱ እንዲጎትተው ብለው የገዛ በረባሷቸውን በሲባጎ አስረውበታል። ያ ከመኪና ጎማ የተሠራ፣ በሽቦ የተጠገነ ጫማ በደም ተለውሶ፣ ሚጢጢ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከሥሯ፣ ደምና ሽንትና ጭድ በተቦካበት ጭቃ ውስጥ፣ ውርንጭላው በጎኑ ተጋድሟል። ፀጉሩ በልጋግ ተጣብቋል፣ ከአፍንጫው ላይ የስስ ቆዳ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ከሁሉም የባሰው ግን ሽታው ነበር። ሞቅ ያለ ሽታ ነው። ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እችለው ነበር፤ ሙቀቱ ግን አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

«ነይ ያዥልኝ» አሉኝ አባባ ጉደታ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀይ ነበር። «እኔ ከሆዱ ደግፌ ላቁመው፣ አንቺ አፉን ወደ ጡቷ አስጠጊልኝ። ብቻዬን አልሆንልህ አለኝ።»

ሁለቱንም እጆቼን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። «ይቀፈኛል» አልኩ።

አልተቆጡም። «እሺ በቃ፣ ሮጠሽ እናትሽን ጥሪልኝ። ቶሎ በይ ልጄ፣ ካልጠባ ይሞትብኛል።»

ሮጥኩ። አጥሩን አልፌ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ አስመለሰኝ። አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ እግሬን ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ። ቤት ስገባ እናቴ የሱብሂ ሶላቷን ጨርሳ መስገጃዋን እያጠፈች ነበር።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ገረጣ?» አለችኝ።

አፌን ብከፍት ያ ሽታ የሚመለስብኝ መሰለኝ። ከነገርኳት ደግሞ «ነይ አብረን እንሂድ» ማለቷ አይቀርም። «ምንም» አልኳትና ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ተከናነብኩ። ከዚያም ተኛሁ። ያኔ ያደረግኩት ይኸው ነው።

የቀሰቀሰኝ የእናቴ ጩኸት ነው። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ብቅ ስል አንድ ውሻ ያንን የእንግዴ ልጅ በአፉ ይዞ በደጃችን ያልፋል፤ ሁለት ሌሎች ውሾች ጫፉን ነክሰው ወደ ኋላ ይጎትቱታል፣ በሲባጎ የታሰረው በረባሶ ደግሞ ጭቃውን እያረሰ ይከተላቸዋል። እናቴ ደጃፉን ጠርጋ ገና መጨረሷ ነበር። «ያ ረቢ! ምን ጉድ ነው?» ብላ በመጥረጊያዋ እንጨት ልትመታቸው ስትሮጥ ጫማው ላይ ዓይኗ አረፈ። በሽቦ የተጠገነ በረባሶ ያላቸው በሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። መጥረጊያዋን ጥላ ወደ አባባ ጉደታ ግቢ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። የተከተልኳት ለውርንጭላው አዝኜ አይደለም፤ ሽማግሌው ምን እንደሚሏት ፈርቼ ነው።

አባባ ጉደታ አንድ እግራቸው ባዶውን ሆኖ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ የውርንጭላውን ራስ ታፋቸው ላይ አስተኝተው። ችግሩን ለእናቴ አስረዷት። የውርንጭላው አባት የጋሪ ፈረስ ሳይሆን አይቀርም፤ እግሮቹ ለዚያች እናት ልጅ የማይገቡ ረጃጅም ነበሩ። የሚጢጢ ጡት ከመሬት የሚርቀው አንድ ክንድ ያህል ነው። ሊጠባ ሲጎነበስ የፊት እግሮቹ ይከፈቱና በአፍንጫው ይደፋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲደፋ፣ ሲያነሱት፣ ሲደፋ አሁን መነሳቱንም ትቶታል።

«ምነው አባባ ጉደታ! እስካሁን ምነው ሰው አልጠሩም?» አለች እናቴ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ያዩት እሷን ሳይሆን እኔን ነው። ከንፈራቸው ሊከፈት ሲል ከበላይ በኩል ካለው አጥር ሌላ ድምፅ መጣ፣ ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ።

ድምፁ የእትዬ በላይነሽ ነበር። እትዬ በላይነሽ ሁለት የፈረንጅ ላሞች ያሏቸው የሰፈራችን ወተት ሻጭ ናቸው። ስለ ከብት እሳቸው ካሉ ያ ነገር አለቀ ማለት ነው።

«ስንት ሰዓት ሆናት ከወለደች?» አሉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው።

«ጎህ ሲቀድ ነው» አሉ አባባ ጉደታ።

«እና እስካሁን አልጠባም? አፉ ላይ የማየው ወተት ምንድነው ታዲያ?»

«የላም ወተት ጋትኩት።»

«የላም ወተት ምን ያደርግለታል! እንገር ነው የሚያስፈልገው። የገዛ እናቱ እንገር። እሱን ካላገኘ ሰውነቱ በሽታ አይችልም፤ አልቡና ያጠጡት።»

እንገር ምን እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር። የወለደች እንስሳ በመጀመሪያው ቀን የምትሰጠው ወፍራም ቢጫ ወተት ነው። የእትዬ በላይነሽ ላም በወለደች ጊዜ ተፈልቶ ሲረጋ ለጎረቤት ልጅ ሁሉ ይታደላል፣ እኔ ደግሞ መልኩን ጠልቼ ቀምሼው አላውቅም።

«እስቲ አንቺ እለቢልኝ፣ በላይነሽ» አሉ አባባ ጉደታ። «እኔ አልቤ አላውቅም፤ በቤቴ የምታልበው ሚስቴ ነበረች።»

እትዬ በላይነሽ ከአጥሩ ወደ ኋላ ሸሹ። «ባዝራ? እኔ? በስመ አብ! በዚህ እጄ ፈረስ አለብኩ ከተባለ ነገ ወተቴን ማን ይጠጣልኛል? ሰዉ ይተፋዋል እኮ!»

እውነታቸውን ነበር። ሰዉ ይተፋው ነበር፤ ከሁሉ ቀድማ የምትተፋው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ የዕቃ ነገር መጣ። በምን ይታለብ? በኛ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የማይጋራው ሥጋ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ድስቱም፣ ወንፊቱም፣ ዶማውም፣ አልጋው ሳይቀር ከቤት ቤት ይዞራል። ያን ዕለት ግን ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉም በአንድ ቃል ተስማማ፤ የፈረስ ወተት የነካው ዕቃ ረክሷል፣ ከዚያ በኋላ ሰው አይበላበትም። «ልጆቼ የሚበሉበትን ዕቃ? ወላሂ አላደርገውም» አለች እናቴ። እትዬ በላይነሽ ቤታቸው ያለው ጣሳ ሁሉ የወተት መስፈሪያ መሆኑን ተናገሩ። የአባባ ጉደታ ቤት ደጃፉ ክፍት ስለነበረ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀንድ ዋንጫ ከቆምንበት ይታያል። እናቴ በአገጯ ጠቆመቻቸው።

«እሱማ አይሆንም» አሉ አባባ ጉደታ ፊታቸውን አዙረው። «የነፍስ አባቴ ሲመጡ የሚጠጡበት ነው። ያለኝ አንድ እሱ ነው፤ በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ሦስቱንም አየኋቸው። ሦስቱም አፍንጫቸውን ሸብሽበዋል፣ የአፋቸው ጫፍና ጫፍ ወደ ታች ወርዷል፣ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘዋል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የኔ ፊት ነው፣ በየቀኑ ማዕድ ላይ የማሳየው። እንዲህ አስቀያሚ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከመሃላቸው ውርንጭላው አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ እነሱ ስለ ጣሳ ይከራከራሉ። አስጠሉኝ። ከደሙም፣ ከፋንድያውም፣ ከዚያ ከተጎተተው የእንግዴ ልጅ ይልቅ እነዚያ ሦስት ፊቶች አስጠሉኝ።

ቤት ሮጬ ቀይ ክር ያለውን ኩባያዬን ይዤ መጣሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ውርንጭላው ከዳነ ከጠዋቱ ማን ተጠራ፣ ማን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም ብዬ አስቤ ነው።

አባባ ጉደታ የሚጢጢን አንገት አቅፈው ያዙ። እናቴ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ «ልጄን አረከሳችኋት!» ትላለች፣ ግን አልከለከለችኝም። እትዬ በላይነሽ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው ያዝዙኝ ጀመር።

«መጀመሪያ በሞቀ ውሃ እጠቢው! ጭቃውን ሁሉ አስለቅቂ! አሁን ከላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ያዢ። አትጎትቺ፣ ልጅቱ! ጨምቀሽ ልቀቂ፣ ጨምቀሽ ልቀቂ!»

ጡቷ ላይ የደረቀ ደም ነበረበት። እጅ ውስጥ ሲገባ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታል። ፊቴን አዙሬ አስመለስኩና ተመልሼ ያዝኩ። ብዙ ጊዜ ምንም አልወጣም። በመጨረሻ ቢጫ የሚያጣብቅ ነገር ጠብ አለ፣ ከዚያ ሌላ ጠብታ፣ ከዚያ ቀጭን ክር ሆኖ መውረድ ጀመረ። የኩባያዬ መቀመጫ ሲሸፈን የተሰማኝን አልደብቅም፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ኩባያ ውሃ አልጠጣም ብዬ አዘንኩ።

«አሁን ጣትሽን ንከሪና አጉርሺው!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «አፉ ይሞቃል?»

ጣቴን አስገባሁ። «አይሞቅም፣ ይቀዘቅዛል» አልኩ።

ድዱ ልጋግ የሞላበት፣ የሚያሟልጭ ነበር። ነክሬ አጎረስኩት፣ በከንፈሩ ጎን ፈሰሰ። እንደገና ነክሬ አጎረስኩት። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ምላሱ ድንገት ጣቴን ጠቅልሎ ሳበው። እዚህ ላይ ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር፤ የተሰማኝ ግን ማቅለሽለሽ ነው፣ ከጣቴ ተነስቶ እስከ ጀርባዬ የደረሰ። ሆኖም ጣቴን አላወጣሁም። አባባ ጉደታ የሚጢጢ ጋማ ውስጥ ፊታቸውን ቀብረው በኦሮምኛ ይጸልዩ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሳልብና ሳጠጣ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ እትዬ በላይነሽ ሌላ ሥራ ሰጡኝ፤ የመጀመሪያው ኩሱ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነው፣ እሱን ካላወጣ ሆዱ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከጭራው ሥር እያየሁ እንድጠብቅ። ጥዩፏ ልጅ የውርንጭላ ቂጥ ስጠብቅ ዋልኩ! ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሲወጣ «ወጣ! ወጣ!» ብዬ ጮህኩ፣ አባባ ጉደታም እልል አሉ። በሕይወቴ በኩስ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ እጄን በአመድና በሎሚ ፈተገችኝ፣ ልብሴን በውጭ አስወለቀችኝ። እራት ሲቀርብ ወንድሞቼ ትሪውን ከበው ሲቀመጡ ለእኔ ድርሻዬ በጋዜጣ ላይ ተደርጎ ከበሩ አጠገብ ተሰጠኝ። «ለጥቂት ቀን ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኔን ሳታይ። ታናሽ ወንድሜ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። በልቼ ሳልጨርስ ወጣሁ።

አባባ ጉደታ ኩበቱን አቀጣጥለው፣ ውርንጭላውን ፍሙ አጠገብ ማዳበሪያ ላይ አስተኝተውት ነበር። የፋኖሱ ብርሃን ሲያርፍበት የደረቀው ፀጉሩ ቡናማ መሆኑ ገና ያኔ ታየኝ። ልጆቹ ተሰብስበዋል። እኔ ስቀመጥ ከጎኔ የነበሩት ተነስተው በዚያ በኩል ዞሩ። አባባ ጉደታ ጉሮሯቸውን ጠርገው አዲስ ተረት ጀመሩ፤ አንድ ሽማግሌ ነበረ፣ አንዲት ድንክ ባዝራም ነበረችው፣ ባዝራዋ ከንጉሥ ፈረስ የተወለደ ውርንጭላ ወለደች። ውርንጭላው ሲደክም ሽማግሌው ምን አደረገ? የአባቶቹን ዋንጫ ከግድግዳው ላይ አወረደ። «እንካ ልጄ አለና...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በገዛ ዋንጫው!»

ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔ ግን አልዋጥኩም።

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሳሁ። «ዋንጫዎትን አልሰጡም! ኩባያው የኔ ነው፣ ያለብኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ተጠይፈው አልሰጥም ብለዋል!»

በዚያ ሰፈር ልጅ ሽማግሌን ውሸታም አይልም። አባባ ጉደታ በጢሱ ውስጥ አዩኝ፣ ብዙ አዩኝ። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ከአፋቸው አንድ ቃል ቢወጣ፣ «አንቺስ ጠዋት?» ቢሉኝ፣ በነዚያ ሁሉ ልጆች ፊት አለቀልኝ።

«እውነቷን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አልሰጠሁም። ያለበችው ዘሀራ ናት።»

ተረቱን አልጨረሱትም። ልጆቹ አንድ ባንድ ተነስተው ሄዱ፣ እኔም ሄድኩ።

እሑድ ውርንጭላው ተሻለው። አባባ ጉደታ ሚጢጢን ከፍ ባለ የአፈር ድልድል ላይ አቆሟት፣ እሱም ከታች ሆኖ እግሩን ሳይከፍት ሁለት ሦስቴ ራሱ ጠባ። ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው መጣ፤ ቡዳ እንዳይበላው ብለው «እንትፍ! እንትፍ!» እያሉ ምራቃቸውን ጀርባው ላይ ረጩበት፣ እኔም በሻሼ እየተከታተልኩ ጠረግኩለት። ሰኞ ጠዋት ግን ጉልበቱ አብጦ አገኘነው። ሲነካ ይቃጠላል፤ ጣቴን ሳጎርሰው አይስብም። እትዬ በላይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሩን አልፈው ገቡ፣ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ ሞተ። ሚጢጢ አጠገቡ ቆማ ትነካካዋለች፣ ወተቷ ማንም ሳያልባት መሬቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«እንገሩ ዘግይቶበት ነው» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ጎህ ሲቀድ አግኝቶት ቢሆን ኖሮ አይሞትም ነበር። ምነው አባባ ጉደታ፣ ያን ለታ ከጠዋቱ ሰው አልጠሩም እንዴ?»

እናቴ ነበረች፣ ወንድሞቼ ነበሩ፣ ከጎረቤትም ሰው ነበረ። ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። እኔ ኩባያዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አባባ ጉደታ የውርንጭላውን ዓይን በመዳፋቸው ከደኑት። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ማንንም አልጠራሁም» አሉ። «ብቻዬን የምችለው መስሎኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ግትርነት ነዋ!» አለች እናቴ፣ በእውነት ተናድዳ። «ከአጥር ማዶ ሆነን! አንድ ጥሪ ብቻ!»

እትዬ በላይነሽ መሬቱ ላይ እንትፍ ብለው ወጡ። በማግስቱ ሽማግሌው በግትርነታቸው ያንን የመሰለ ውርንጭላ እንደገደሉ ያልሰማ የቡልቡላ ሰው አልነበረም። ልጆቻቸውን ወደ እሳቸው ፍም የማይልኩ እናቶች ነበሩ። እሳቸው ግን ቃላቸውን አልቀየሩም። እኔ ብዙ ቀን አፌን ልከፍት በአጥሩ በኩል ሄጃለሁ፤ ያዩኝና «ደህና ነሽ፣ ዘሀራ?» ይሉኛል፣ እኔም ደህና ነኝ ብዬ እመለሳለሁ።

ጥዩፍነቱ ከዚያ ክረምት በኋላ ለቀቀኝ። ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ አባቴን በመጨረሻው ሕመሙ አጥቤያለሁ፣ አፍንጫዬን ሸብሽቤ አላውቅም። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እናቴ ይህንን ታሪክ ታወራዋለች፤ ያቺ ጥዩፍ ልጇ በአሥር ዓመቷ፣ አዋቂ ሁሉ ሲሸሽ፣ በገዛ ኩባያዋ ባዝራዋን አልባ ውርንጭላውን እንዴት እንዳጠጣች። ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። በእሷ አተራረክ ደሙም፣ ሽታውም፣ በጋዜጣ ላይ የተሰጠኝ እራትም የለም። ሁልጊዜ የምትጨርሰው ግን በአንድ ቃል ነው፤ «ያ ግትር ሽማግሌ ከጠዋቱ ቢጠራን ኖሮ ይድን ነበር» ትላለች። አባባ ጉደታ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ እንዲህ ባለች ቁጥር የገዛ ምራቄ ይቀፈኛል፣ እሱን ውጬ ሳህን ማንሳት እጀምራለሁ፣ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።